ቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ሰውዬው? ስለ ረኔ ሌቬክ የተከፈተው ክር

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተው ልጅ ነገሩን አላለዘበውም። ረኔ ሌቬክ ከጋዜጠኝነት ወጥቶ አያውቅም ባይ ነው። ስቱዲዮ ቀየረ እንጂ ሥራ አልቀየረም። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ሊያስረዳው በቻለው ጉዳይ ሁሉ አሸነፈ፣ ሰሌዳ ላይ አልሰፍር ባለው ተሸነፈ። ለዚህ ሁለት ዓመት ጠራ፣ በመብራት ጉዳይ ያሸነፈበትን 1962ን እና የሉዓላዊነት ሪፈረንደሙን የተሸነፈበትን 1980ን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ከዚያ ጥያቄውን ወረወረው፦ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የገነነ ሰው ክፍለ ሀገር ለመምራት ሲነሳ ያ ዝና ስንቅ ይሆነዋል ወይስ ዕዳ?

ሌቬክን ለማያውቅ፣ ከ1976 እስከ 1985 ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆነችው የካናዳ ክፍለ ሀገር የኬቤክ ፕሪሚየር፣ ማለትም የመንግሥቷ መሪ፣ የነበረ ሰው ነው። ኬቤክን ሉዓላዊ አደርጋለሁ ብሎ የተነሳውን ፓርቲ ኬቤኩዋን የመሠረተው እሱ ነው። ክሩ ላይ የጻፉት አብዛኞቹ ሞንትሪያል የሚኖሩ፣ ወይም እዚያ ኖረው ወደ ቶሮንቶና ኦታዋ የተሻገሩ ሐበሾች ናቸው። ለነሱ ሰውዬው የታሪክ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው በምን ቋንቋ እንደሚማሩ የወሰነው የሱ መንግሥት ነው። የመብራት ቢል የሚልክላቸውን ድርጅት ያገዘፈውም እሱ ነው። ስለዚህ ክሩ ቶሎ ጋለ።

ኮሜንት ቁጥር 1 ጨዋ ነበር። አመስግኖ ጀመረና የጎደለውን ሞላ። በ1922 የተወለደው ሌቬክ ያደገው ምሥራቅ ኬቤክ ባለው በጋስፔ፣ ኒው ካርላይል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በከተማዋ ገንዘቡም ሥልጣኑም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እጅ ነበር። ማይክሮፎን የጨበጠውም ገና በአፍላነቱ፣ እዚያው በነበረች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ላቫል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ጀመረ፣ ግን ሳይጨርስ ተወው። ቁጥር 1 እዚህ ላይ ቆሞ ለሌላው ቦታ ለቀቀ።

ቁጥር 2 ከፋቹን ማረም ፈለገ። ሰውዬው የሬዲዮ ሰው ነው፣ ቴሌቪዥን በኋላ የመጣ ነገር ነው አለ። እሱን ያበሰለው ጦርነቱ ነው። በ1944 የአሜሪካ የጦርነት መረጃ ቢሮ ቀጥሮት ለንደን ሄደ። የካናዳን ሳይሆን የአሜሪካን ዩኒፎርም ለብሶ ማለት ነው። የአሜሪካን ጦር ተከትሎ ጀርመን ገባ። በ1945 ዳካው የተባለው የናዚ ማጎሪያ ሲከፈት ቀድመው ከደረሱት ዘጋቢዎች መሀል ነበር። ቁጥር 2 ከዚህ ተነስቶ የራሱን መደምደሚያ አወጣ። ዳካውን ያየ ሰው የብሔርተኝነት ጫፉ የት እንደሚያደርስ ያውቃል፣ ፓርቲውን ሲመራ ቦምብ የሚያፈነዱትን ያወገዘውና በድምፅ ካርድ ብቻ እንሂድ ብሎ የተከራከረው ለዚያ ነው አለ። ዳካውን ሳያዩም ቦምብ የጠሉ ብዙ ናቸውና መደምደሚያው ትንሽ የተጎተተ መስሎኛል። ግን ማንም አልተቃወመውም።

ቁጥር 3 ሁለት መስመር ብቻ ጨመረ። በ1951 ኮሪያ ጦርነት ሄዶ ዘግቧል። በ1955 ደግሞ የካናዳውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰንን ተከትሎ ሶቪየት ኅብረት ገብቶ ክሪሚያ ላይ ክሩሽቼቭን አግኝቷል።

ቁጥር 4 ይህን ሁሉ አንብቦ ሌቬክ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 5 እንደመሳቅም እንደመቆጣትም አደረገውና ጉግል የሚባል ነገር እንዳለ አስታወሰው። ቁጥር 6 ገላጋይ ሆነ። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ነው፣ ሌቬክ የክፍለ ሀገሩ ነው፣ ሁለቱ ከሃምሳዎቹ ጀምሮ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ሙሉ ተሟግተዋል አለና ነገሩ በረደ።

ቁጥር 7 ረጅም ነው፣ ግን አሪፍ ነው። ጸሐፊዋ የፑዋን ደ ሚርን የድሮ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብላ አይታዋለች። ፑዋን ደ ሚር ከ1956 ጀምሮ በራዲዮ ካናዳ፣ በመንግሥቱ የፈረንሳይኛ ጣቢያ፣ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ የሌቬክ ፕሮግራም ነው። ያየችውን እንዲህ ዘረዘረች። አጭር ሰውዬ ነው። ፀጉሩ ሳስቶ የቀረችውን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎትቶ አልብሷታል። ድምፁ የሻከረ ነው። ከኋላው ካርታና ጥቁር ሰሌዳ አለ። በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው ሲጋራ። ዓረፍተ ነገሩ ይጀመራል፣ ይታጠፋል፣ ሌላ ነገር ይጨምራል። ጠፋበት ስትል ዞሮ መጥቶ እዚያው ይገባል። የስዌዝን ቀውስ አስረድቷል፣ የአልጄሪያን ጦርነት አስረድቷል። የሚያስረዳው ደግሞ አልጄሪያ የት እንዳለች ለማያውቅ ሰው ነው፣ ግን ሰውየውን እንደ ሞኝ አይቆጥረውም። የሷ ነጥብ ይህ ነበር። ቆንጆ ስላልሆነ ታመነ፣ ቲቪ ላይ ያሉት ሁሉ ተስተካክለው ሲቀመጡ እሱ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነበር የሚታየው አለች።

ቁጥር 8 ፖለቲካ ውስጥ የከተተው ዝናው አይደለም፣ አድማው ነው ብሎ መጣ። በታኅሣሥ 1958 መጨረሻ የራዲዮ ካናዳ ፕሮዲውሰሮች ሞንትሪያል ላይ ሥራ አቆሙ። ነገሩ እስከ መጋቢት 1959 ተጎተተ። ከሁለት ወር በላይ የፈረንሳይኛው ቴሌቪዥን የድሮ ፊልም ሲያሳይ ኦታዋ ደንታ አልሰጣትም። ሌቬክ እዚያ ነው የተለወጠው። የእንግሊዝኛው ጣቢያ ቢዘጋ ኖሮ መንግሥት ይህን ያህል ይተኛ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ውስጡ ቀረ። ቁጥር 9 አንድ ነገር አረመ፦ ሌቬክ ፕሮዲውሰር አልነበረም፣ አድማውን የጠራውም እሱ አይደለም። አብሯቸው ቆመ፣ አፍ ስላለው ደግሞ ድምፃቸው ሆነ። ፕሮግራሙም በዚያው ዓመት አበቃ። ቁጥር 8 ለእርማቱ አመሰገነ። ቁጥር 10 ራዲዮ ካናዳ ዛሬም አሰልቺ ነው ብሎ ከርዕስ ወጣ።

ከ11 እስከ 15 ያለው የመብራት ክርክር ነው። ለኔ የክሩ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

ቁጥር 11 ታሪኩን አስቀመጠ። ሌቬክ በ1960 በዣን ሌሳዥ ሊበራል ፓርቲ ተወዳድሮ ሞንትሪያል ሎሪዬ ላይ አሸነፈ፣ ወዲያው ሚኒስትር ሆነ። የውሃ ኃይል እጁ ገባ። የግል ኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን መንግሥት ይግዛቸው የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ሌሳዥ ቶሎ እሺ አላለም። በመስከረም 1962 ካቢኔው ላክ አ ሌፖል በተባለ ቦታ ሁለት ቀን ዘግቶ ተወያየና ምርጫ ይጠራ ተባለ። መፈክሩ የገዛ ቤታችን ጌቶች የሚል ነበር። ሌቬክ ሰሌዳውንና ሠንጠረዡን ይዞ ክፍለ ሀገሩን አካለለ። በኅዳር 14 ሊበራሎች ከ95 መቀመጫ 63ቱን ወሰዱ። በ1963 አሥራ አንድ ኩባንያዎች በ604 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተገዝተው የመንግሥቱ ኤሌክትሪክ ድርጅት ወደሆነው ሃይድሮ ኬቤክ ገቡ።

ቁጥር 12 ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። የሱ ኮሜንት ከፖለቲካው ይልቅ ስለ ሽቦው ነበር። ያኔ አቢቲቢ የሚባለው ሰሜናዊ አካባቢ መብራቱ በ25 ኸርዝ ነበር የሚሠራው፣ የተቀረው ኬቤክ በ60። 25 ኸርዝ ማለት አምፖሉ ለዓይን ይርገበገባል። ሞንትሪያል የተገዛ ማጠቢያ ማሽን እዚያ ሰክተህ በሥርዓቱ አይሠራም፣ ሞተሩ የተሠራው ለሌላ ፍጥነት ነው። ታሪፉ ደግሞ እንደየኩባንያው ነው። ጋስፔ ያለው ሰው ከሞንትሪያሉ ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። ሌቬክ ጋስፔ ያደገ ልጅ ነው፣ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። ኩባንያዎቹ ከተገዙ በኋላ የአቢቲቢ ኔትወርክ ወደ 60 ተቀየረ፣ የየቤቱ ዕቃም መስተካከል ነበረበት። ቁጥር 12 እንዲህ ያለ ነገር ሰሌዳ ላይ በደንብ ይሄዳል አለ። ሁለት ሳጥን ትስላለህ፣ መሀላቸው መስመር ታሰምራለህ፣ አንዱ ላይ ዋጋውን ትጽፋለህ፣ ሌላው ላይም ትጽፋለህ። ገበሬው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። በዚህ ከፋቹ ልክ ነው አለ።

ቁጥር 13 ልክ አይደለም አለ፣ ያውም በስለት። ጠመኔው የሌቬክ ይሁን፣ ቁጥሩስ የማን ነው? ዣክ ፓሪዞና ሚሼል ቤላንዤ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ስንት ሌሊት ያደሩበት ሥራ ነው። ገንዘቡ ከኒውዮርክ የቦንድ ገበያ ነው የመጣው፣ 300 ሚሊዮኑ ከዚያ ነው። ፊርማው የሌሳዥ ነው። ካሜራ ፊት የቆመውን ብቻ እያየን ታሪክ ስንጽፍ እንዲህ ነው የምንሳሳተው አለ። አክሎም ነገሩን የጀመረው የቀድሞው ፕሪሚየር ጎድቡ ነው፣ በ1944 የሞንትሪያሉን ኩባንያ ወርሶ ሃይድሮ ኬቤክን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ስሙን ግን ማንም አያነሳውም ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። ቁጥር 14 ግን ጥሩ መለሰለት። ቁጥር ያላቸው ሰዎች ሞልተዋል፣ ቁጥሩን ወስዶ ለጎረቤት ሊያስረዳ የሚችል ግን ብርቅ ነው አለ። ቁጥር 15 የዚህን ወር የሃይድሮ ቢሉን ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ቁጥር 16 መጣና የከፋቹን ሐሳብ ከሥሩ ነቀነቀው። ይህ ሰው ዝናው ያን ያህል ከሆነ ለምን ሁለት ጊዜ የራሱን ወንበር አጣ? በ1967 ከሊበራል ወጣ፣ በ1968 ፓርቲ ኬቤኩዋን መሠረተ። በ1970 ፓርቲው 23 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ108 መቀመጫ ያገኘው 7 ብቻ ነው፣ ሌቬክ ራሱ ተሸነፈ። በ1973 ድምፁ 30 በመቶ ደረሰ፣ መቀመጫው ወደ 6 ወረደ፣ ሌቬክ እንደገና ተሸነፈ። የኬቤክ ሕዝብ ፊቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ የሰፈሩ መራጭ ግን አልመረጠውም። ስድስት ዓመት ያለ ወንበር ፓርቲ እየመራ፣ ጋዜጣ ላይ ዓምድ እየጻፈ ኖረ። ታዲያ ቴሌቪዥኑ የት ሄደ?

ከፋቹ እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሶ ገባ። ያ የምርጫ ሥርዓቱ ጉዳይ ነው፣ 30 በመቶ አግኝቶ 6 ወንበር የሚሰጥ ሥርዓት ነው አለ። ቁጥር 18 አልተዋጠላትም። እሺ ሥርዓቱ ነው እንበል፣ በ1976 ግን ያው ሥርዓት ነው የሾመው። 41 በመቶ ይዞ ከ110 ወንበር 71 ወሰደ። ለምን ብትል፣ ከሱ በፊት የነበረው የሊበራሉ የሮበር ቡራሳ መንግሥት ሕዝቡን አስመርሮ ነበር፣ የኦሎምፒኩ ዕዳ አለ፣ የሠራተኛው አድማ አለ፣ የቋንቋ ሕጉ ሁለቱንም ወገን አስቆጥቷል። ደግሞም ፓርቲው መጀመሪያ ጥሩ መንግሥት ምረጡ፣ የመገንጠሉን ነገር በኋላ ለብቻው በሪፈረንደም፣ ማለትም በሕዝበ ውሳኔ፣ እንጠይቃችኋለን አለ። ይህ የፓርቲው ስልት ነዳፊ የክሎድ ሞሬን መላ ነው፣ የጠመኔ ሥራ አይደለም። ከፋቹ ለዚህ መልስ አልሰጠም። እኔም መልስ ያለው አይመስለኝም።

ቁጥር 19 የአገር ቤት ፖለቲካ ውስጥ ሊያስገባን ሲሞክር አወያዩ አጠፋው። ቁጥር 20 ለምን ጠፋ አለ። እሱም ጠፋ።

ከ21 ጀምሮ ያለው ሕግ 101 ነው፣ እዚህ ጨዋነቱ አለቀ። በነሐሴ 1977 የወጣው ይህ ሕግ ፈረንሳይኛን የመንግሥትም የሥራም የማስታወቂያም ቋንቋ አደረገ። ስደተኛ ልጁን ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት እንዲያስገባ አስገደደ። ቁጥር 21 ቶሮንቶ የምትኖር እናት ናት። ኬቤክን የለቀቅነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ልጆቼ ከአጎቶቻቸው ልጆች ጋር መግባባት አቃታቸው፣ ሰውዬው ነፃነት እየሰበከ የኔን ምርጫ ቀማኝ አለች። ቁጥር 22 በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሞንትሪያል ብዙ ዓመት የኖሩ። ረጋ ብለው ጻፉ። ልጆቻቸው ዛሬ አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እንግሊዝኛውን መንገድ ላይ ተማሩት፣ ፈረንሳይኛውን ግን ሕጉ ባያስገድድ አይማሩትም ነበር። ደግሞ የሕጉ አባት ሚኒስትሩ ካሚል ሎራን እንጂ ሌቬክ አይደለም፣ ሌቬክማ አንድ ሕዝብ ቋንቋውን በሕግ ማስጠበቁ ያሳፍረው ነበር አሉ።

ቁጥር 23 እሳቸውን አንተ እያለ ተነሳባቸው። አንተ ተመቸህ፣ ሌላው ምን ይሁን፣ በኬቤክ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት መግባት ለሁሉም የተከለከለ ነው ብሎ ጮኸ። ቁጥር 24 መጀመሪያ ጋሼን በአንቱታ እንዲያናግር ነገረው፣ ቀጥሎ አረመው። ለሁሉም አይደለም። ወላጁ ካናዳ ውስጥ አንደኛ ደረጃን በብዛት በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ይፈቀድለታል። መጀመሪያ ኬቤክ የተማረ ብቻ ይል ነበር፣ በኋላ የ1982ቱ የመብት ቻርተርና በ1984 የወጣው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ወደ መላ ካናዳ አሰፋው። ከኮሌጅ ጀምሮ ያለውንማ ሕጉ አልነካውም ነበር፣ ኮሌጁን ያጠበቀው የ2022ቱ ሕግ 96 ነው። ቁጥር 23 ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ቀጣዩ ኮሜንቱ ላይ ጋሼ ብሎ ነው የጀመረው። እሳቸውም ምንም እንዳልተባሉ ሆነው መለሱለት። ዕድሜ ደግ ነው።

ቁጥር 27 ስለ አንዱ ብቻ ለምን እናወራለን፣ ሊዝ ፓዬት የት ሄደች ብላ ገባች። ደግ አደረገች። ፓዬት በኬቤክ ቴሌቪዥን የምሽት ቶክ ሾው አቅራቢ ሆና የነገሠች ሴት ነበረች። በ1976 ከሌቬክ ጋር ተመርጣ ሚኒስትር ሆነች። መኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል ለአካል ጉዳቱ የሚካስበትን የመንግሥት ኢንሹራንስ ያመጣችው እሷ ናት፣ በመጋቢት 1978 ሥራ ጀመረ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹና ጠበቆቹ ቁም ስቅሏን አሳይተዋታል። ዛሬም የኬቤክ ታርጋ ላይ ያለው አስታውሳለሁ የሚለው ጽሑፍ በ1978 የገባው በሷ ጊዜ ነው። ቁጥር 28 የሞንትሪያል ታክሲ ነጂ ነው። ስንት ዓመት ታርጋውን እያየሁ ስነዳ የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም ነበር አለ።

ቁጥር 29 ግን ወዲያው ሌላኛውን ገጽ ገለጠ። ፓዬትን ያነሣት ምላስ ነው የጣላትም። ሪፈረንደሙ ሊደርስ ሲል፣ በመጋቢት 1980፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያለች ኢቬት የምትባል ታዛዥ ልጅ አነሳች። እናቷን በሥራ የምታግዝ፣ ሁሌ ደስ የምታሰኝ ልጅ ናት። ከዚያ የተቃዋሚው መሪ የክሎድ ራያን ሚስት ኢቬት ናት አለች። ሴቶቹ ተናደዱ። የቤት እመቤት መሆን ስድብ ሆነ ወይ ብለው በሚያዝያ ሞንትሪያል ፎረም ስታዲየም ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ሆነው ተሰበሰቡ። ሁሉም አይ ለማለት የመጡ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ብትቀልደው አዳራሹ ስቆ የሚያልፈው ነገር ነው፣ ሚኒስትር ስትሆን ግን ሕዝብ ያንቀሳቅሳል። የከፋቹን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የመለሰው ይህ ኮሜንት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ያውም ስለ ሌቬክ አንድ ቃል ሳይናገር።

ከፋቹ በ1980 ነገር የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። የሪፈረንደሙን ጥያቄ አንሥቶ ዝም ብላችሁ አንብቡት አለ። ከመቶ ቃል በላይ ነው። ሉዓላዊነት አለ፣ ከካናዳ ጋር የኢኮኖሚ ማኅበር አለ፣ የጋራ ገንዘብ አለ። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀውም ለመደራደር ፈቃድ ስጡኝ ነው፣ ውጤቱን ደግሞ በሌላ ሪፈረንደም እናጸድቃለን ይላል። አልጄሪያን ለገበሬ ያስረዳ ሰው የገዛ አገሩን ጉዳይ በአንድ መስመር መጠየቅ አቃተው። በግንቦት 20 ቀን 59.56 በመቶው አይ አለ፣ 40.44 በመቶው አዎ።

ቁጥር 31 አቃተው ሳይሆን ፈራ አለ። ጥያቄው የተድበሰበሰው ሆን ተብሎ ነው፣ በቀጥታ ቢጠየቅ ከዚህም ይብስ ነበር። ቁጥር 32 ደግሞ ከሌላ ጎን አየው። ያኔ የ«አዎ»ን ወገን የሚመራው የቀድሞ የቲቪ ጋዜጠኛ፣ የ«አይ»ን ወገን የሚመራው ራያን የለ ዴቯር ጋዜጣ የቀድሞ ዋና አዘጋጅ። ጠቅላላ ምርጫው የሁለት ጋዜጠኞች ክርክር ነበር ማለት ነው። ራያን ደረቅ ሰው ነው፣ ካሜራ አይወደውም፣ ግን አሸነፈ። ቁጥር 33 ራያን ብቻውን አላሸነፈም፣ ትሩዶ በግንቦት 14 ፖል ሶቬ አዳራሽ መጥቶ ሕገ መንግሥቱን እናድሳለን ብሎ ቃል ባይገባ ሌላ ነገር ይሆን ነበር አለ። ቁጥር 34 ያ ቃል የት ደረሰ ብሎ ጠየቀና ሌላ በር ተከፈተ።

በኅዳር 1981 ፕሪሚየሮቹ ኦታዋ ላይ ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲደራደሩ ሌቬክና ቡድኑ ወንዙን ተሻግረው ሀል በተባለች ከተማ ባለ ሆቴል ሄደው ተኙ። በዚያ ሌሊት ሌሎቹ ተስማሙ። ሌቬክ ጠዋት ለቁርስ ሲመጣ ያለሱ ያለቀ ወረቀት ጠበቀው። ቁጥር 35 ይህን ሲጽፍ ክህደት ነው አለ። ቁጥር 36 ክህደት የሚባል ነገር የለም፣ ድርድር ላይ ያለ ሰው ስልኩ እንዲደወልለት ያደርጋል፣ እሱ ተኛ አለ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ እየተሰዳደቡ ስምንት ኮሜንት ጨረሱ። አላነበብኩላችሁም ብል ይሻላል።

ቁጥር 45 ሌላ ሰው ናት፣ መምህር ናት። ከጎረቤቷ የሰማችውን አመጣች። ጎረቤቷ በጡረታ ላይ ያሉ የኬቤክ አስተማሪ ናቸው፣ በ1976 ሌቬክ ሲያሸንፍ አልቅሰዋል። በ1982 እና 83 ኢኮኖሚው ሲጎዳ ያው መንግሥት የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ ለሦስት ወር እስከ 20 በመቶ ቆረጠ፣ አስተማሪዎቹ ሲያምፁ በሕግ ወደ ክፍል መለሳቸው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ስሙን አይጠሩም፣ ያ ሰውዬ ነው የሚሉት። ከአድማ የተወለደ ፖለቲከኛ አድማ ሰበረ አለች መምህሯ። ቁጥር 8 ይህን እንዲያነብ በስሙ ጠራችው። አልመጣም።

ብዙ ሰው ዘሎት ያለፈ ኮሜንት 47 ነው፣ በጣም አጭር ስለሆነ ይመስለኛል። ሌቬክ ራሱ ከሁሉ ይኮራበት የነበረው በ1977 ያወጣው የፓርቲ ገንዘብ ሕግ ነው ይላል። ለፓርቲ ገንዘብ መስጠት የሚችለው መራጭ ግለሰብ ብቻ ሆነ፣ ጣሪያው በዓመት 3000 ዶላር። ኩባንያም የሠራተኛ ማኅበርም ተከለከለ። ሞሪስ ዱፕለሲ ኬቤክን ሲገዛ ኮንትራት የሚፈልግ ኩባንያ ለፓርቲው ካዝና እንዴት ይከፍል እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰሌዳ አላስፈለገውም፣ ሪፈረንደም አላስፈለገውም፣ ዘፈንም አልወጣለትም። ክሩ ላይ ግን አንድ ላይክ ነው ያገኘው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ታክሲ ነጂው ቁጥር 48 ላይ ተመለሰ። ሌቬክ በ1985 ከሥልጣን ወረደ፣ በኅዳር 1987 በልብ ድካም ሞተ፣ 65 ዓመቱ ነበር። ሞንትሪያል ወዲያው የዶርቸስተርን ጎዳና በስሙ ጠራችው። አሁን አስቡት አለ ነጂው። የሃይድሮ ኬቤክ ዋና መሥሪያ ቤት ረኔ ሌቬክ ጎዳና ላይ ነው። የራዲዮ ካናዳ የድሮው ረጅም ሕንፃም እዚያው ጎዳና ላይ ወደ ምሥራቅ ነው። አንድ ተሳፋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ብወስድ መሪ ሳላዞር የሰውዬውን የሥራ ታሪክ እነዳዋለሁ አለ። ወደ ምዕራብ ዌስትማውንት ስትገባ ደግሞ ታቤላው ይቀየርና ዶርቸስተር ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እዚያ ስሙን አልቀበልም ብለዋል። ቁጥር 49 ጂፒኤሱ ምን እንደሚል ጠየቀ። ነጂው ጂፒኤሱ ከሁለቱም ጋር ተስማምቶ ይኖራል አለ።

ከፋቹ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለቀቀ። የ1970ና የ1973ቱን ሽንፈት አልመለስኩትም አለ። ዋናውን ግን አልተወም፦ ሌቬክ ሲያስረዳ ይታመናል፣ ሲጠይቅ ግን አይሰጠውም አለ። ቁጥር 16 ይህ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፣ ሐሳብ ቀየርክ ብሎ ያዘው። እኔ ግን አሁን ያለው ከመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ።

ክሩ ሊሞት ሲል ቁጥር 52 ከካልጋሪ ገባ። እናንተ የሞንትሪያል ሰዎች ዓለም ኬቤክ ላይ ያለቀች ይመስላችኋል አለ። አልበርታ ምን አጠፋች? ራልፍ ክላይን የካልጋሪ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ነበር። በ1980 ከንቲባ ሆነ፣ ከ1992 እስከ 2006 አልበርታን በፕሪሚየርነት ገዛ። ወንበሩንም አላጣ፣ ሪፈረንደምም አልተሸነፈ። አሁን ያለችው ዳንየል ስሚዝም ከሬዲዮ ቶክ ሾው የመጣች ናት። ጠመኔ የለም፣ ካርታ የለም፣ እንደ ሰፈር ሰው ማውራት ብቻ በቂ ነው ብሎ ደመደመ። ቁጥር 53 ክላይን የሆስፒታልና የትምህርት ቤት በጀት ሲቆርጥ አንተ የት ነበርክ አለው። አወያዩ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ይህንን ዘጋው። የካልጋሪው ልጅ የዚያኑ ዕለት ማታ ከፈተ፣ ሳየው መልሱ ከዚህኛው በልጧል። ቁጥር 5ም እዚያ ሄዶ ሰው እያስቆጣ ነው።